አምስተኛ መንጃ ፈቃድ

አጎቴ ያንን ማሽን ኬክ ቤታቸው ውስጥ ያስገቡት የበሩን መቃን አስነቅለው ነው። አራት ሰው ተሸክሞት፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው «ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ!» እያሉ አራቱንም ሲሳደቡ ትዝ ይለኛል። ቁም ሣጥን የሚያክል ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ ቴሌቪዥን አለው፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር የመኪና መሪ፣ በቀኝ በኩል ማርሽ፣ እግር ጋ ደግሞ የነዳጅ ፔዳል። ጠቅልሎ ወደ አገሩ የሚሄድ አንድ ፈረንጅ ዕቃውን ሲሸጥ ነው ያገኙት። ለምን እንደገዙት ዛሬም አላውቅም። እሳቸውም የሚያውቁ አልመሰለኝም።

ኬክ ቤቱ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ነበር። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ነው፤ መጨረሻው መሆኑን ያኔ ማን አወቀ። ስኳር የሚገኘው በቀበሌ ስለሆነ ኬክ ቤቱ ራሱ ኬክ የሚኖረው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር፤ በቀረው ቀን ሻይና ደረቅ ዳቦ ነው። እኔ ማትሪክ ወድቄ ቤት ቁጭ ብያለሁ። አጎቴ አንድ ቀን አዩኝና «ግድግዳ ከምትጠብቂ ይሄን ነገር ጠብቂ» አሉኝ። የጌም ኃላፊ የሆንኩት እንዲህ ነው፤ በሃያ ሦስት ዓመቴ።

ጨዋታው ቀላል ነው። መንገድ አለ፣ መኪና አለ፣ ጥግ ላይ ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት አለ። መንገዱ ላይ አምስት በሮች አሉ። አንዱን በር ባለፍክ ቁጥር ሰዓቱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ይጨመርልሃል፤ ሳታልፍ ካለቀብህ አለቀ፣ መኪናህ ቀጥ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ግን ጉድ ሆንን። ሰው ሁሉ እየተጋፋ ይመጣል፣ ስሙኒውን ይጥላል፣ የመጀመሪያው በር ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቅበታል፣ ይሄዳል፣ አይመለስም። አንድ ባለታክሲ ነበር፣ ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው። ዓይኔ እያየ ሦስት ጊዜ ተጋጨ። «ይሄ መሪ የተበላሸ ነው!» ብሎ ማሽኑን በእርግጫ መታና ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። አጎቴ ራሳቸውን ይዘው «ምን ዓይነት መርገምት ነው የገዛሁት» ይሉ ጀመር።

ያዳነን ጎረቤታችን ሬዲዮ ጠጋኙ ነው። ካቻቪቴውን ይዞ መጣ፣ የማሽኑን ጀርባ ፈታ፣ ውስጡን አሳየኝ። ስምንት ነጫጭ ማብሪያዎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፣ የሩዝ ፍሬ ያክላሉ። «ይቺን ወደ ታች ካደረግሻት ሰዓቱ ይበዛል። ወደ ላይ ካደረግሻት ሰውየው ያለቅሳል» አለኝ። «ይቺኛዋ ደግሞ መንገዱ ላይ መኪና ታበዛለች። ስትነኪያቸው ግን ማሽኑን አጥፍተሽ አብሪው፤ ካልጠፋ አይሰማም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ማየት ተማርኩ። ከቢሮ ወጥቶ ሚስቱን ይዞ የመጣ ሰው መሸነፍ አይፈልግም፤ ለእሱ ሰዓቱን ዘርገፍ አደርግለታለሁ፣ ሁለት በር አልፎ እየሳቀ ይወጣል፣ ቅዳሜ ወንድሙን ይዞ ይመጣል። የሰፈር ጎረምሳ ግን በዚያ ሰዓት ከተጫወተ በሦስተኛው ቀን ይሰለቸዋል። እሱን ትንሽ ማስለቀስ ያስፈልጋል። ብዙ ካስለቀስሽው ደግሞ ይቀራል። ልኩን ለማግኘት ስንት ጊዜ ተሳሳትኩ! ጠዋት ጠዋት ለአላፊ አግዳሚው አላላዋለሁ፣ ከሰዓት ለጎረምሶቹ አጠብቀዋለሁ። በመሀል እንግዳ ከመጣ ማሽኑን አጥፍቼ ከጀርባው እገባና «ቆይ፣ ሞተሩ ይሙቅ!» እላለሁ። ሁሉም አመኑኝ። ሞተሩ ይሙቅ! ዛሬም ሳስበው ያስቀኛል።

የቸገረን መብራቱ ነበር። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ያሳለፈውን ሁሉ ይረሳል። ትናንት አንደኛ የወጣው ዛሬ ስሙ የለም። የጎናችን ባለሱቅ ልጅ ነው ይሄን ነገር የነገረኝ። «ትናንት አራተኛውን በር አለፍኩ፤ ማን ይመሰክርልኛል?» አለኝ፣ ተናዶ። ሃያ ዓመቱ ነበር። እናቱ ከቡታጅራ አካባቢ የመጡ ሴት ናቸው፣ በርበሬና ሽሮ፣ ሻማና ክብሪት ይሸጣሉ። እሱ ሲናደድ ጆሮው ይቀላል። እኔ ደግሞ ያንን ጆሮ ማየት እወድ ነበር። ልንገራችሁና ይውጣልኝ፤ እወደው ነበር።

መንጃ ፈቃዱን የፈጠርኩት ለእሱ ብዬ ነው። በአገራችን መንጃ ፈቃድ ያኔ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ነበር፤ አምስተኛ ያለው ሰው ተሳቢ ይነዳል፣ ሰፈር ውስጥ ሲያልፍ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። ማሽኑ ደግሞ አምስት በር አለው። አንደኛውን በር ላለፈ አንደኛ፣ ሁለተኛውን ላለፈ ሁለተኛ እያልኩ በጠንካራ ወረቀት ካርድ ሠራሁ። ዘመኑን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉርድ ፎቶ የሌለው ካርድ ካርድ አይባልም። ስለዚህ ፎቶ አምጡ አልኩ። ስም ከነአያት። ቀበሌ። የቤት ቁጥር። ሬዲዮ ጠጋኙ ከአሮጌ ጫማ ሶል መሪ የሚመስል ማህተም ቀረጸልኝ፣ ሐምራዊ ቀለም ፈለግሁ፣ ግጭ! አጎቴ ማህተሙን ሲያዩ ፊታቸው አመድ ሆነ። «አንቺ ልጅ፣ ልታስጨርሺኝ ነው? ማህተም!» አሉ። «ጋሼ፣ የጌም ነው እኮ» አልኳቸው።

ካርዶቹን ግድግዳ ላይ በተርታ ሰቀልኳቸው። ደረጃው ሲያድግ ሰርዤ አሻሽላለሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ ካርዱን ወደ ቤቱ የሚወስደው አምስተኛ የደረሰ ብቻ ነው። ልጆቹ አበዱ ብል ማጋነን አይደለም። ከገርጂ፣ ከመገናኛ፣ ከቦሌ ቡልቡላ ማሳ ሳይቀር በእግራቸው ይመጡ ነበር። ያኔ ፎቶ ተለጥፎበት ማህተም የተመታበት ወረቀት ሁሉ ከሰው አንድ ነገር የሚጠይቅ ነው። የእኔ ካርድ ግን «ጎበዝ ነህ» ነበር የሚለው። እንዲያ ነበር የመሰለኝ።

አምስተኛውን ማንም አልወሰደም። ያደረግኩት እኔ ነኝ። የባለሱቋ ልጅ አራተኛ ከደረሰ በኋላ ሰዓቱን አንድ ደረጃ ቀነስኩበት፣ መንገዱ ላይ መኪና አበዛሁበት። አምስተኛውን ከወሰደ ምን ብሎ ይመጣል? በየቀኑ ከሰዓት ይመጣል፣ አምስተኛው በር ከሩቅ እየታየው ሰዓቱ ያልቅበታል፣ መሪውን በመዳፉ ይመታል፣ ዞር ብሎ ያየኛል። «ነገ» ይላል። እኔ ደግሞ በሆዴ «እሰይ» እላለሁ። ከንቱ!

ምክንያቱም እናቱ በዚያው ሰሞን ልጃቸውን እንዲሸሽ ይለምኑት ነበር። አፈሳው ብሶ ነበር። ቀበሌው ለውትድርና ይህን ያህል ወጣት አምጣ ተብሏል፣ ካልሞላለት ከመንገድ ይለቅማል። ቦሌ ስለሆንን አውሮፕላን መስማት ለምደናል፤ ያን ሰሞን ግን ሆዳቸው የተነፋ ግራጫ አውሮፕላኖች ከጣሪያችን በላይ ወደ ሰሜን ይመላለሱ ጀመር። አንዱ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፣ የማሽኑም ምስል ይርገበገባል። ልጆቹ እስኪያልፍ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። እናቱ አንድ ቀን ወደ እኔ መጡና «የኔ ልጅ፣ አንቺን ይሰማሻል፤ ቡታጅራ አጎቱ ጋ ይሂድልኝ፣ እባክሽ» አሉኝ። ጠየቅኩት። «አምስተኛውን ልውሰድና እሄዳለሁ» አለ። ደስ አለኝ። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ አንድ ጓድ መጣ። ከቀበሌ ነው፣ ካኪ የለበሰ፣ አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚያምር። አጎቴ ከባንኮኒው ኋላ ቆመው ቀሩ። እሱ ግን ሻይ አዞ ቀጥ ብሎ ወደ ማሽኑ ሄደ። «እንዴት ነው ይሄ ነገር?» አለኝ እንደ ልጅ። እኔም እንደ ልማዴ አየሁት፤ አላፊ አግዳሚ ነው፣ ደስ ይበለውና ይሂድ አልኩ። «ሞተሩ ይሙቅ፣ ጓድ» ብዬ ሰዓቱን ዘረገፍኩለት። ሦስት በር አለፈ። ጭኑን እየመታ ሳቀ። በማግስቱ ተመለሰ። በሦስተኛውም ቀን። ደስ እንዲለው አድርጌ የለ? መጣ!

በአራተኛው ቀን ሳይጫወት ግድግዳው ሥር ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያየ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። «ማነው የጻፈው?» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«ጽሕፈትሽ ቆንጆ ነው። የቤት ቁጥር ሳይቀር!» ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «እኛ ቢሮ እንደዚህ የተጣራ መዝገብ የለንም። እውነቴን ነው።»

ለወጣቶች የስፖርት ውድድር ይጠቅመናል ብሎ ካርዶቹን አንድ በአንድ ከምስማር አወረደ። ከኪሱ ላስቲክ አውጥቶ አሰራቸው። «እንመልስልሻለን» አለኝና ሻዩን ጨርሶ ወጣ። አጎቴ ባዶዎቹን ምስማሮች አንድ በአንድ መንቀል ጀመሩ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት ልጆቹን በሙሉ «ቤታችሁ አትደሩ» ብዬ አባረርኳቸው። የባለሱቋ ልጅ ብቻ ቀረ። እናቱ ለከነገ ወዲያ ጠዋት የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጠውለታል። «ዛሬ ውጣ፣ እግርህ ባወጣህ» አልኩት። «ጨዋታዬን ልጫወትና» አለ። ማሽኑን አጥፍቼ ከጀርባው ገባሁ። ሰዓቱን በሙሉ ለቀቅሁት፣ መኪናዎቹን ከመንገዱ ጠረግኳቸው። ካርዷን ይውሰድና ይሂድልኝ አልኩ።

አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን አለፈ። አምስተኛውንም አለፈ። የማሽኑ ሙዚቃ ሲጮህ እኔ አጨበጨብኩ። እሱ እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። ጆሮው ቀላ።

«ስንት ሰከንድ ሰጠሽኝ?» አለ።

«ምን?»

«እኔ እኮ እቆጥራለሁ። ሞተሩ ይሙቅ ባልሽ ቁጥር እቆጥራለሁ። ለአላፊ አግዳሚ የምትሰጪውን ለእኔ ትሰጪኛለሽ?»

ካርዱ በእጄ ነበር። አምስተኛ ሲደርስ ብዬ በሌላ ጉርድ ፎቶው ቀደም ብዬ አዘጋጅቼው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት ነው። ዘረጋሁለት፤ አልነካውም። «ያንተ ነው፣ ያዝና ሂድ!» ብዬ ጮኽኩበት። «ምን ነካህ? ጌም እኮ ነው!»

«ጌም ነው የምትይኝ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ስምንት ወር ሙሉ ጌም አይደለም ስለው የከረምኩት እኔ ነኝ። «ሰዓቱን ነገ ወደ ቦታው መልሺው። ነገ በራሴ እወስደዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። መለስኩለት፤ ሰዓቱንም መኪናዎቹንም እንደነበሩ። ኬክ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎችና ሁለት የማላውቃቸው ልጆች ነበሩ። አንዴ ተጫውቶ ወደቀ። ሁለተኛውን ሲጀምር እጁ ሌላ ነበር። እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም፤ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። ሦስተኛውን በር ሲያልፍ በመስኮቱ በኩል ጭነት መኪና ከፊታችን ሲቆም አየሁ። ሸራው ወርዷል። ከፊት ጓዱ ወረደ፣ ከኋላ ታጣቂዎች።

የጓሮው በር ከማሽኑ ሦስት እርምጃ ነው። አጥሩ ዝቅተኛ ነው፣ ከአጥሩ ማዶ ሜዳ ነው። «ሩጥ» ማለት አንድ ቃል ነው። የማሽኑ ገመድም በእጄ አጠገብ ነበር፤ ብነቅለው ይጠፋል፣ ዞር ይላል፣ ያያቸዋል። አፌን ከፈትኩ። ያኔ አራተኛውን በር አለፈ። በዚያ በተቀነሰ ሰዓት፣ ከእነዚያ ሁሉ መኪናዎች ጋር፣ አሥራ አንድ ሰከንድ ቀርቶት። አምስተኛው በር ከሩቅ ታየ። ይጨርስ፣ አልኩ በሆዴ። ይቺን ብቻ ይጨርስ።

ይኸው ነው ጥፋቴ። ሌላውን ሁሉ አላውቅም ነበር ልል እችላለሁ። ይሄን አልልም።

በሩ ተከፈተ። ታጣቂዎቹ ሁለቱን ልጆች ክንዳቸውን ያዙ፣ አንዱ ወደ ማሽኑ ሲመጣ ጓዱ እጁን ዘርግቶ አስቆመው። «ተዉት፣ ይጨርስ» አለ። መጥቶ ከኋላው ቆመ፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ማየት ጀመረ። የማሽኑ መስታወት ላይ ካኪው ይታያል። ልጁ አይቶታል። አንገቱ ሲደርቅ አውቄያለሁ። እግሩን ግን ከፔዳሉ አላነሳም። ሰባት። ስድስት። አንድ ግራጫ አውሮፕላን ከላያችን አለፈ፣ ምስሉ ተርገበገበ፣ እሱ ቀጥ አድርጎ ይዞታል። ጓዱ «በግራ! በግራ!» ብሎ ጮኸ፣ እንደ ደጋፊ። በግራ አለፈ። ሁለት ሰከንድ ሲቀረው በሩን አለፈ።

ሙዚቃው ጮኸ። ጓዱ አጨበጨበ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ሾፌር ነህ አንተ! በይ ስጪዋ፣ የእሱ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ካርዱን ከመሳቢያ አወጣሁ። ማህተሙን ስመታ ቀለሙ ተጨማለቀብኝ። ልጁ ተቀበለኝ፣ አየው፣ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። «አሁን የራሴ ነው» አለኝ። ፈገግ ብሏል። ከዚያ ቀስ ብሎ «እማዬን ንገሪልኝ» አለ። ጓዱ «በል ና» አለው፣ ሳይቆጣ። ወጡ።

ማሽኑ «ስምህን አስገባ» እያለ ይበራል። መብራት እስኪጠፋ ድረስ እንደዚያው ሲበራ ዋለ።

ከአምስት ወር በኋላ እናቱ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ማንበብ አይችሉም፤ እኔ እንዳነብላቸው ነው። ማሠልጠኛ ውስጥ «ከባድ መኪና የሚነዳ እጁን ያውጣ» ተብሎ እጁን አውጥቷል። ሾፌር ምሽግ አይገባም ብሎ አስቦ ነው። መንጃ ፈቃድ ጠየቁት፣ የእኔን ካርድ አሳየ። «ፎቶና ማህተም ስላለው ማንም ደግሞ አላየውም» ይላል። በሦስት ሳምንት እየተጋጨ ለመደ። ተሳቢ ሰጡት፤ ጥይት ወደ ግንባር ያመላልሳል። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ለእኔ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ «እዚህ መንገድ ላይ ሰከንድ የሚጨምር በር የለም በያት» ይላል።

እናቱ አፌን እያዩ ያዳምጣሉ። «መኪና መንዳት የት ነው የተማረው?» አሉኝ።

«እኛ ጋ ነው፣ እትዬ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ብድግ ብለው ጭንቅላቴን ይዘው ሳሙኝ። «አላህ ይስጥሽ የኔ ልጅ። ጠመንጃ ከመሸከም አዳንሽልኝ» አሉኝ፣ እንባቸው ፀጉሬ ላይ እየወረደ።

ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም። እሳቸው ግን ሱቃቸውን ዘግተው ወደ አገራቸው እስኪገቡ ድረስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ያንኑ ወረቀት ይዘው ይመጡ ነበር። ከላይ እስከ ታች አነብላቸዋለሁ። መጨረሻ ላይ ያለችውን መስመር ግን አንድም ቀን አላነበብኩላቸውም።